ድሪሉ ነው የደከመው

ሰኞ 4

እስቲ ለማንም የማልናገረውን አንድ ነገር ላውጋሽ፣ ደብተሬ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በመጽሔት ላይ «ውድ አንባቢዎቼ» ስል ስለኖርኩ ለብቻዬ መጻፍ አልችልበትም። ፊት ለፊቴ ሰው ካልተቀመጠ ብዕሬ አይንቀሳቀስም። እንግዲህ አንቺው ተቀመጪልኝ።

ዛሬ በመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል አዘጋጇ ስለሚቀጥለው እትም እያብራራች ሳለ፣ ባለፈው ሳምንት በገዛ እጄ የሰቀልኩት መደርደሪያ ከነብርጭቆዎቹ ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የእኔ መደርደሪያ! «ቤትሽን በእጅሽ» በሚል ዓምድ የስንቱን ቤት እመቤት መዶሻ ያስጨበጥኩት እኔ! ክፍሉ ውስጥ ያለው ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ድሪሉ ነው የደከመው» አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

ሠዓሊያችን ምላሱ አያርፍም፤ «እኔ ደግሞ ግድግዳው ነው የሰለቸን ብዬ ነበር» አለና ሁሉም ሳቀ። አዘጋጇ ከሳቅ ውስጥ ሥራ ማውጣት ታውቅበታለች። «እንግዲያው ጉልበት ያለው የባትሪ ድሪል እንዴት እንደሚመረጥ ጻፊልን። ወሩ ሳያልቅ።»

ብሎኖቹን ከወለሉ ላይ ስለቅም አየኋቸው። ጥርሳቸው ላይ የእንጨት ዱቄት እንኳ አልያዙም። ግድግዳው በጣውላ የተለበጠ ነው፤ ይዞ መቅረት ነበረበት። የሰቀልኩ ቀን ጠብቀው ነበር። ጠብቀው ነበር እንጂ?

ሐሙስ 7

የአልጋውን ነገር ልንገርሽ።

ልጄን መሥሪያ ቤቷ ለአሥር ወር ሥልጠና ራቅ ወዳለ ከተማ ስለሚልካት፣ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ እኛ ዘንድ ሆና ልትማር ነው። የምትመጣው በሚቀጥለው ወር በ14፣ ቅዳሜ። ስሟ ሌላ ነው፤ እኛ ግን ጦጢት ነው የምንላት፤ መጋረጃም ቢሆን ካገኘች ትወጣበታለች። እኔም በስልክ አፌን ሞልቼ ቃል ገብቼላታለሁ፦ በመሰላል የምትወጣበት፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ከሥሩ የጥናት ጠረጴዛ ያለው አልጋ። በገዛ እጄ።

«እማማ፣ ጣሪያውን እነካዋለሁ?»

«በእግርሽ ትነኪዋለሽ!»

እግሮቹ ተቆርጠው ተልገዋል፤ ጣውላው ግድግዳ ላይ ተደግፏል። ዛሬ ስምንት ብሎን አስገባሁ። ሦስቱ መጨረሻ ላይ ከደረሱ በኋላ በባዶ ይሽከረከራሉ። ባትሪ ቀየርኩ፤ ያው ነው። የቆየ አሥራ ሁለት ቮልት ድሪል ነው፤ ከዓምዱ ጋር እኩያ ናቸው። ደክሞታል፣ ምን ይደረግ።

አናጺው አባቴ ሦስት ነገር አስተምሮኝ ነው የሞተው። አንደኛ፣ ብሎን ሲጠግብ እጅ ይናገራል። በድሪሉ አንገት ላይ ያለውን ባለ ቁጥር ቀለበት፣ ብሎኑ ሲጠብቅ በራሱ ቀጭ ቀጭ ብሎ የሚያቆመውን ማለቴ ነው፣ «የሰነፍ ቀለበት» እያልኩ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። ሁለተኛ፣ የብሎኖቹ አናት ላይ ያለው መስቀል ሁሉ ቀጥ ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ ካላየ ሥራው አላለቀም። ሦስተኛ፣ አልጋ የሠራ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይተኛበታል።

ቅዳሜ 9

ጥድፊያ ላይ ነኝ። የማርማላታውን ጠርሙስ ስታገለው መምህሩ ከእጄ ወስዶ ከፈተው። ማንም አልጠየቀውም። (መምህሩ ባለቤቴ ነው። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል። የምድር ወገብን በጣቱ ያሳይሻል፤ ምስማር ግን መትቶ አያውቅም።) ሰሞኑን ደግሞ የእጅጌዬን ቁልፍ ጠዋት ጠዋት እሱ ነው የሚቆልፍልኝ። በስተርጅና ፍቅር ይዞት ይሆናል ብዬ ስቄአለሁ።

ቀኝ ክንዴ ላይ ሥጋዬ ይርገበገባል። ዓይን ሲርገበገብ እንግዳ ይመጣል ይላሉ። ክንድ ሲሆን ምን እንደሚሉ እንጃ። እንግዳማ ይመጣል፤ ጦጢት ናታ!

ማክሰኞ 12

መሣሪያ ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት ገባ የሚል ዓይነት ሰው ነው። ባንኮኒው ላይ አንድ የዛፍ ግንድ ቁራጭ አለ፤ ከአናቱ እስከ ጎኑ ብሎን ተሰክቶበት ጃርት መስሏል። ድሪል የሚገዛ ሁሉ በዚያ ግንድ ላይ አንድ ብሎን ካላስገባ አይሸጥለትም። «ጫማ ሳይለኩ ይገዛሉ?» ይላል።

«እትዬ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«የልጅ አልጋ። ከፍ ያለ።»

«አሁን ያለዎት ስንት ቮልት ነው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ታዲያ ለአልጋ ምን አነሰው?»

«ደክሟል። ብሎኑ በባዶ ይሽከረከራል።»

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ። «ጉልበት ያነሰው ድሪልማ እመሐል ቆሞ ያቃስታል እንጂ በባዶ አያሽከረክርም። በባዶ የሚያሽከረክረው ብሎኑ ከጠገበም በኋላ ሲጫኑት ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋል። ቀለበቱን ስንት ላይ ነው የሚያደርጉት?»

ዘንድሮ ሁሉም ሊቅ ነው። «እኔ በእጄ ነው የምለካው» አልኩት።

ለዓምዴ ስል ሁሉንም ጠየቅኩት፤ እሱም ሳይሰለች አስረዳኝ። ቮልቱ ብቻ ትርጉም እንደሌለው፣ የመጠምዘዝ ጉልበቱ በሌላ ቁጥር እንደሚጻፍ፣ ካርቦን የሌለው ሞተር ብዙ እንደሚቆይ፣ ቀርፋፋው ማርሽ ለብሎን ፈጣኑ ለመብሳት እንደሆነ፣ አፉ የሚነክሰው የፑንታ፣ የመብሻው ብረት፣ ውፍረትም እንደሚለያይ። ሦስት ደረደረልኝ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ እና አንድ ጉልቤ። የኮንክሪት ግድግዳ የሚበሳ፣ ከነባትሪው ሁለት ሊትር ውኃ የሚያክል።

«አሥር እስክቆጥር ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ» አለ ጉልቤውን እየሰጠኝ።

አቆጣጠሩ ተንኮል አለበት፤ በጣም ቀርፋፋ ነው። ስድስት ላይ የድሪሉ አፍንጫ ወደ መሬት ዘመም አለ። ሳይወድቅ በሌላኛው እጄ ያዝኩት።

«ባትሪው ከባድ ነው» አልኩ።

«ከባድ ነው» አለ።

ከዚያ ግንዱ ላይ ብሎኔን አስገባሁ። ገባ፤ ግን ዘሞ ገባ። አጠገቡ ያለው ቀጥ ያለ ብሎን የአንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነው አለኝ። ምን አገባኝ? ትንሹን ድሪል በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ለእርስዎ ይህ ይበቃል።»

«‹ለእርስዎ› ማለት ምን ማለት ነው?»

መነጽሩን ወደ ግንባሩ መለሰ። ጉልቤውን አስጠቀለልኩ። በር ላይ ስደርስ ተጣራ፦ «እትዬ! የጎን መያዣውን ሳያስሩ እንዳይነኩት! ፑንታው እንጨት ውስጥ ከተያዘ፣ የሚዞረው ፑንታው አይደለም፤ እጅዎ ነው!»

ደርሶ መካሪ።

ረቡዕ 13

ጉልቤውን ከጥቅሉ አወጣሁት! ሁለት ባትሪ፣ ቻርጀር፣ ጠንካራ ሳጥን። የጎን መያዣው ለአሠራር አይመችም፤ ሳጥኑ ውስጥ ተውኩት። ዛሬ አሥራ አራት ብሎን። እንዴት እንደሚሮጥ! ሽው ሲል ጣውላው ውስጥ ገባ። አንዳንዱ አናቱ ድረስ ሰጥሞ እንጨቱን አፈረሰው፤ ይሄ ጉልበት ይባላል። መስቀሎቹን በእጅ ካቻቪቴ ላቃናቸው ፈለግኩ፤ የአባቴ ካቻቪቴ ግን ቦታው የለም። በድሪሉ በራሱ ነካ ነካ አድርጌ አቃናኋቸው። ሲመሽ አውራ ጣቴ ብዕር አልይዝ አለኝ። ጥሩ ሥራ ሠርቻለሁ ማለት ነው።

ዓርብ 15

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዝግጅት ክፍል ነው የምውለው። ትናንት ስመለስ ወደ አልጋው ክፍል አልገባሁም። ዛሬ ጠዋት ገባሁ።

በግራ በኩል ካለው እግር ላይ አራት ብሎኖች መስቀላቸው ተጣሟል። ቀጥ አድርጌ ነው የተውኳቸው፤ እምልልሻለሁ። አንዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያያል፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። (የመምህሩ ሚስት መሆን ይሄ ነው ትርፉ፤ ብሎን እንኳ በአቅጣጫ ነው የማየው።)

ብሎን በራሱ አይዞርም።

ሰኞ 18

ክብሪት እያለቀብኝ ነው። ማድ ቤት ሦስት ሙሉ ፓኮ ነበር፤ አንድ ቀርቷል። ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ከወረቀት ሥር ያየሁት ነገር ቀፈፈኝ፦ የክብሪት ራሶች። ያልተጫሩ፣ ከአንገታቸው የተቆረጡ፣ ምናልባት ሠላሳ።

መምህሩ ሲጋራ ጀመረ እንዳልል ያልተጫረ ክብሪት ምን ይሠራለታል? ደግሞስ ቁጭ ብሎ የክብሪት ራስ የሚቆርጥ ሰው ምን ሐሳብ ቢገባው ነው?

ምሳ ላይ አየሁት። ጣቱ ላይ የደረቀ ነገር ተጣብቋል። «ምንድነው?» ስለው እጁን ከጠረጴዛው በታች አደረገ።

«ምንም። ቀለም ይሆናል።»

ከምን የመጣ ቀለም?

ሐሙስ 21

ጆሮዬን መቁረጥ ነው ያማረኝ። ሻወር የገባሁ መስሎት ከልጃችን ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት።

«አይ፣ ገና አልነገርኳትም... ራሷ ታውቀዋለች ብዬ ነዋ... አንቺም አይተሽው ከሆነ እኮ... እንደዛ አትበይ... እዛ አልጋ ላይማ ልጅቷን አላስተኛትም። እኔ እያለሁ አይሆንም።»

ፎጣዬን እንደያዝኩ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ይሄ ሰውዬ ልጅቷ እንድትመጣ አይፈልግም ማለት ነው። ወይም አልጋው እንዲያልቅ አይፈልግም። እኔ የማጠብቀውን እሱ ይፈታል። አርባ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው!

የቡናማ ሸሚዜን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። አልጠራሁትም።

ቅዳሜ 23

ተጣላን። እንዲህ ነው የጀመረው፦

«ትልቁን ድሪል ብትመልሺው ምን ይመስልሻል?» አለ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ እንደ ዋዛ።

«ምን አድርጎህ?»

«ከባድ ነው።»

«አንተ የት ያዝከውና ነው ክብደቱን ያወቅከው?»

የቆረሰውን ዳቦ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

«መምህሩ፣ አንተ እኮ በሕይወትህ ካቻቪቴ በየትኛው ጫፉ እንደሚያዝ አታውቅም። እኔ የአናጺ ልጅ ነኝ። ድሪሉን ለእኔ ተውልኝ፣ አንተ ካርታህን አንብብ።»

ብዙ ጊዜ ስናገረው ይስቃል። ዛሬ አልሳቀም። እጄን ነበር የሚያየው። ፊቴን ሳይሆን እጄን።

አፌን በቆረጠው። እሱም ግን ይበዛዋል። አልጋው ላይ ዛሬ ደግሞ ስድስት ብሎን ዞሮ አገኘሁ። መልሼ በድሪሉ አጠበቅኳቸው። አንዱ በጣም ጠብቆ ነበር፤ እንደዚያ አጥብቄው ነበር እንዴ?

ሰኞ 25

ጽሑፌን አስረከብኩ። መግቢያው አምሮልኛል፦ «ውድ አንባቢዎቼ፣ ብሎናችሁ አልጠብቅ ካለ እጃችሁን አትጠራጠሩ። ድሪላችሁ ነው የደከመው። ጉልበተኛ ግዙ።» አዘጋጇ ከሳቋ ጋር አሳለፈችው፤ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።

ከደረጃው ስወርድ ግራ እግሬ ተደናቀፈ። ጫማው ነው።

ሐሙስ 28

ዘዴ ፈጠርኩ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት በያንዳንዱ ብሎን አናት ላይ እስከ እንጨቱ ድረስ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።

ስመለስ ዘጠኝ መስመር ተሰብሯል።

ለማንም አልነገርኩም። እራት ላይ ጨው አቀብለኝ አልኩት፣ አቀበለኝ። ጦጢት ልትመጣ አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷታል። በማግስቱ የምትወጣው መሰላል ላይ ነው፣ እኔና እሱ ግን ጨው እየተቀባበልን ዝም እንላለን።

እሑድ 1

በግራ ነው የምጽፈው። ይቅር በይኝ።

የአልጋውን እግር ስበሳ ፑንታውን የእንጨቱ አንጓ ያዘው። ድሪሉ ዞረ። ከነእጄ።

መምህሩ ሮጦ መጣ።

ሰኞ 2

ክሊኒክ። አልተሰበረም፤ ተጠምዝዞ ነው። በጠፍጣፋ እንጨት አስረውታል።

ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ከማሰሯ በፊት ቀኙን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ምንም ያልሆነውን ግራውን አየች። ከዚያ ተመልሳ ቀኙን። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ቦታ ጫን ጫን አደረገችው።

«እማማ፣ ይህ ጉድጓድ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«የትኛው ጉድጓድ?»

አሳየችኝ። እውነትም ጉድጓድ አለ። ሥጋው ሄዷል።

«ሥራ ስለሚበዛብኝ ከስቼ ነው» አልኳት።

ወረቀት በሁለቱ ጣቶቼ መካከል አስያዘችኝና ጎተተችው። በግራ ጣቶቼ ያዝኩት። በቀኞቹ ሹልክ ብሎ ሄደ። ጣቴን ጣቷ ላይ እንዳደርግ፣ በተረከዜ እንድራመድ፣ ምላሴን እንዳወጣ አዘዘችኝ። ለተጠመዘዘ እጅ ምላስ ምን ያደርጋል? መምህሩ ጥግ ላይ ባርኔጣውን እጁ ላይ እያዞረ ቆሟል።

«ሥጋዎ የሚርገበገብበት ቦታ አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ክንዷ ላይ» አለ መምህሩ።

በእርጋታ ነው ያለው። ተማሪዎቹን ዋና ከተማ ሲጠይቅ እንደሚለው። እኔ ነግሬው አላውቅም።

ለነርቭ ሐኪም ጻፈችልኝ። ማክሰኞ 17፣ ጠዋት። ኤሌክትሪክ ባለው መርፌ ይፈትሹዎታል አለችኝ። «ምን ጠርጥረሽ ነው?» ስላት «ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንገት ላይ የተጫነ ነርቭም ሊሆን ይችላል» አለች። ሌላውን አላለችም። እኔም አልጠየቅኩም።

ሐሙስ 5

በግራዬ ቢሆንም ይህን በረዥሙ መጻፍ አለብኝ።

ዝግጅት ክፍል ደርሼ ነበር። አዘጋጇ እጄን አይታ «አንቺ ሴትዮ፣ ወደ ቤትሽ!» ብላ መለሰችኝ። በሩን በቀስታ ከፈትኩ። ልይዘው ነበር ሐሳቤ፤ ምን እደብቅሻለሁ።

የአልጋው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተንበርክኳል። የአባቴ ካቻቪቴ እጁ ላይ ነው። ወለሉ ላይ ኮላ፣ ምላጭ፣ ክፍት የክብሪት ፓኮ። ደግሞ የተቆረጠ የመጽሔት ገጽ፣ እንዳይጠቀለል በሁለት ጫማው ተጭኖ።

ከሩቁ አወቅኩት። የእኔ ዓምድ ነው፤ የዛሬ ስድስት ዓመት የወጣ። «የብሎን ቀዳዳ ሰፍቶ ቢያስቸግራችሁ አትደንግጡ» የሚለው።

ጣቱን ካርታ ላይ እንደሚያስኬድ መስመሩ ላይ እያስኬደ ለራሱ ያነባል፦ «ሦስት የክብሪት እንጨት... ራሱ ይቆረጥ... ኮላ ይነከር... እስኪሞላ ይጠቅጠቅ... ያዝ እስኪያደርግ ይቆይ...» ከዚያ ቀዳዳው ውስጥ ይጠቀጥቃል፤ ቀደም ብሎ የጠቀጠቀበት ላይ ደግሞ ብሎኑን በእጁ ቀስ እያለ ያጠብቀዋል። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሲጨርስ ራሱን ዘንበል አድርጎ መስቀሉን አየው። ጠማማ ነው። ሊያቃናው ሞከረ፤ አለፈ። ወደ ኋላ መለሰው፤ ላላ። እንደገና አጠበቀው፤ ተጣመመ።

«ወይ ጣጣ» አለ ለብሎኑ።

እኔ ልጅቷ እንዳትመጣ የሚፈታው መስሎኝ ነበር። የፈታሁት እኔ ነኝ። እሱ የደፈነውን እኔ በጉልቤው መልሼ አሰፋ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

ደንግጦ ካቻቪቴውን ጣለው። «ክብሪቱ?»

«እጄ።»

ከጉልበቱ ላይ አልተነሳም። «የእጅጌሽን ቁልፍ መቆለፍ ከመጀመሬ በፊት ነው። ብርጭቆ በሁለት እጅሽ መያዝ ስትጀምሪ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ድሪሉ ነው ስትዪ... ድሪሉ ቢሆንስ ብዬ እኔም ለመንኩ።»

ቁጭ አልኩ፣ ወለሉ ላይ፣ ከክብሪቶቹ አጠገብ። ክብሪቶቹን ወደ ፓኮው እየመለሰ «መስቀሉን ቀጥ ማድረግ አቃተኝ። ትነቂብኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ።

«ዓምዴን ታነባለህ?»

«ከመጀመሪያው።»

አሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አላለኝም። ይሄን ሰውዬ ምን ላድርገው?

ቅዳሜ 7

የአባቴ ሦስተኛው ሕግ። ግን ሠሪው ማን ነው? ሁለታችን። እኔ እጄ ታስሯል፤ ስለዚህ «ውጣ» አልኩት።

«ሰማንያ ሰባት ኪሎ ነኝ።»

«ለዚህ ነው ውጣ ያልኩህ።»

የመሰላሉ አንደኛ ርብራብ ያዘ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ሲቆም ጣውላው ድምፅ ሳያሰማ ወደ አንድ ወገን ወረደ። መምህሩ በእግሩ ነው ያረፈው፤ ተመስገን። ርብራቡ ሁለት ብሎን ይዞ ወለሉ ላይ ተሽከረከረ። ያን ቀን በጉልቤው ያስገባሁት ነው፤ እሱ ገና አልደረሰበትም ነበር።

ሁለታችንም ወደ መሰላሉ አናት አየን። የሁለታችንም ሐሳብ አንድ እንደሆነ አውቃለሁ።

«እግሮቹን እንቆርጣለን» አልኩ።

«ጣሪያውን በእግርሽ ትነኪዋለሽ ብለሻታል።»

«ብያታለሁ።»

ከጉልበት ከፍ እስከማይል ድረስ ቆረጥነው። እኔ እግሩ ላይ ተቀምጬ እንዳይነቃነቅ ይዤ፣ እሱ መጋዙን እየጎተተ። መስመሩን ሁለት ጊዜ ስቷል፤ ሁለት ጊዜ «የምድር ወገቡ ጠፋህ ወይ?» አልኩት።

ሰኞ 9

ጉልቤውን ልንለውጥ ይዘን መሣሪያ ቤት ሄድን። ባለሱቁ የታሰረ እጄን አየ። «ብዬ ነበር» ሊል የሚችልበት ቦታ ነበር፤ አላለም። መነጽሩን አወረደ፣ ትንሹን ድሪል አወጣ።

«ለማን ነው?»

«ለእሱ» አልኩ።

አሥር ቆጠረ። መምህሩ አሥር ሙሉ ቀጥ አድርጎ ያዘው፤ ፊቱ ቢቀላም። ግንዱ ላይ ቀለበቱን በግራ እጄ አዞርኩለት፣ አምስት ላይ። ያን «የሰነፍ» ቀለበት። ብሎኑ ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለ።

«ምን ሆነ?» ብሎ ደነገጠ።

«ጠገበ» አልኩት።

የእኔ ብሎን አጠገቡ አለ፣ እንደዘመመ። ሊያወጣልኝ ይችል እንደሆነ ባለሱቁን ጠየቅኩት። «ከዚህ ግንድ ላይ አይወጣም» አለ። «ጎረቤት ሆናችሁ።»

ወደ ቤት ስንመለስ የጋዜጣ መሸጫው ላይ አዲሱ መጽሔት ተሰቅሏል። የእኔ ፎቶ ከድሪል ጋር፣ እየሳቅኩ። «እጃችሁን አትጠራጠሩ።» ሌላዋ ሴት፣ የትኛዋም ትሁን፣ ይህን አንብባ ጉልበተኛ ልትገዛ ተነስታ ይሆናል። እርማት በሚቀጥለው እትም ይውጣልኝ ብዬ ለአዘጋጇ ደወልኩ። «ምን ብለን?» አለች። «ብሎን በባዶ ሲሽከረከር መጀመሪያ እጅሽን ለሰው አሳዪ በሉልኝ» አልኳት። «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ፣ ልጻፈው» አለች።

ቅዳሜ 14

መጣች። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ እየሮጠች ገባች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እማማ! ይሄማ የሕፃን አልጋ ነው!»

«ዝቅ አድርገነው ነው።»

«ጣሪያ እነካለሁ ብለሽኝ!»

ልጄ በር ላይ ቆማለች። ታለቅሳለች ግን ዕቃ የምታወርድ ትመስላለች። መምህሩ ልጅቷን አንስቶ እግሯን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ጣሪያውን በሁለት እግሯ ረገጠችው። ነጭ ቀለም ላይ ሁለት ትናንሽ ጥቁር እግሮች ቀሩ። ማንም እንዳያጠፋቸው።

ከዚያ ሁላችንም ተኛንበት፣ በተራ። የመጀመሪያው ሠሪው ነው፤ መምህሩ ሆነ። ድምፅ አላሰማም። ቀጥሎ እኔ። ከዚያ ጦጢት እኔ ላይ።

ማሰሪያው ተፈቷል። እጄን አንስታ ስትጫወት ቆየችና በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ባለው ጉድጓድ ውስጥ የራሷን ጣት አስገባች። ልክ ነው፤ ለጣቷ የተሠራ ይመስላል።

«እዚህ ጋ ማን በላሽ?»

«ድሪሉ» ልላት አፌን ከፈትኩ። «አናውቅም ገና» አልኳት።

ሰኞ 16

ነገ ነው።

ልጄ ጉዞዋን ለአንድ ሳምንት አስተላልፋለች፤ «ለሥልጠናው ችግር የለውም» ትላለች። የተረጋጋች ትመስላለች። መምህሩ የነገ ሸሚዜን አውጥቶ ወንበር ላይ ሰቅሏል፤ እጅጌው ቁልፍ የሌለውን ነው የመረጠው። እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ጦጢት አዲሱን ድሪል ይዛ ቀለበቱን ታዞራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ይህን ገጽ በቀኜ ነው የጻፍኩት። ከላይ ያሉት ፊደላት ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከታች ያሉት ዘመም ብለዋል። ብዕሩ ነው ልልሽ አስቤ ነበር፣ ተውኩት።

ነገ መርፌው የሚናገረውን፣ ሐኪሙ ፊቴን ሳያይ የሚለውንም ጨምሬ፣ እዚህ ከሥር ባለው መስመር ላይ ቃል በቃል አሰፍረዋለሁ። የእጅ ጽሑፉ የመምህሩ ሆኖ ብታገኚው እንዳትደነግጪ። የሚያናግርሽ እኔው ነኝ።